የካሜራው ሁለት አድራሻ

አቶ ገረሱ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ኮልፌ በሚገኘው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የሳንባ ሕመምተኛ ነበሩ፤ ትንፋሻቸውን ያቆይ የነበረውን የኦክስጅን ሲሊንደር ሰው በእጁ ዘግቶታል።

«እናቴ ናት» አለች ልጃቸው ርሆቦት፣ ኢንስፔክተር ዋጋነሽ ገና ደጃፉን ሳትሻገር። «ሱቅ ተቀምጣ በስልኳ እያየችው ዝም አለች! እኔ ከገበያ ተመልሼ ሳሎን ሆኜ ‹ጋሼ› ብዬ ስከፍት አልቆለት አገኘሁት።»

‹ጋሼ› ቀዳማዊ ለአልጋው ካሜራ ያወጣለት ስም ነው። ቀዳማዊ የሟቹ ሚስት የወይዘሮ ሰብሌ የእህት ልጅ ነው፤ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ በእጃቸው አድጓል። ለቤቱም፣ ግቢው በር ላይ ላለው ሱቃቸውም ለየብቻ ዋይፋይ የዘረጋው እሱ ነው። ስልክ ላይ ስሙን ሲጽፉት በሽተኛው ይታያል።

«እመቤቴን! ሦስት ሰዓት ላይ ከሱቅ ስከፍተው ተኝቶ ነው ያየሁት» አሉ ወይዘሮ ሰብሌ። «አምፖሉ በርቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ለብሶ...»

«አምፖሉ በርቶ?»

«አዎ።»

ዋጋነሽ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። የሰፈሩ መብራት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ካሜራውና ዋይፋዮቹ የሚሠሩት በባትሪ ነው።

«ይሄ ዋይፋይ ይቀልዳል» አለ ቀዳማዊ። «አንዴ ይከፍታል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ወይ ደግሞ... እማዬ ጭራሽ አላየችም ይሆናል።»

ለዋጋነሽ የሚቀልድ ዕቃ አይዋጥላትም። ሳሎን ሆና ስሙን ሦስቴ ጻፈች፤ ሦስቴም አልጋው ታየ። ሱቅ ገብታ ሦስቴ ጻፈች፤ ሦስቴም እምቢ አላት። እዚያው ቆማ፣ በስሙ ፈንታ የካሜራውን የቁጥር አድራሻ ስትጽፍ ወዲያው ተከፈተ። ተመልሳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች።

«ካሜራው ደህና ነው፤ መስመሩም ደህና ነው። የተበላሸው ስሙ ነው፤ እሱም ሱቅ ውስጥ ብቻ። ሁለቱ ዋይፋዮች የትኛው ስም ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚወስድ ለየራሳቸው መዝግበዋል። የሱቁ ‹ጋሼ› ሲባል ወደ ሌላ ኮምፒውተር እንዲወስድ ተደርጓል። ኮምፒውተሩ አሁን ስለተዘጋ አልከፍት አለኝ። ጠዋት ግን የትናንቱን ቪዲዮ ያሳይ ነበር፤ መብራት በሌለበት አምፖል የበራው ለዚህ ነው። ወይዘሮ ሰብሌ፣ የሱቁን ዋይፋይ መቀየሪያ የይለፍ ቃል ማን ያውቃል?»

«እኛ ምን አውቀን... ቀዳማዊ ብቻ።»

ከቀዳማዊ ቦርሳ በወጣው ላፕቶፕ ውስጥ ሰኞ የተቀዳው የአቶ ገረሱ እንቅልፍ ተገኘ። ከሟቹ ትራስ ሥር ደግሞ የክስ ማመልከቻ ወጣ፤ ቀዳማዊ በሐሰት ፊርማ ወርክሾፓቸውን ወደ ስሙ ማዛወሩን ደርሰውበት፣ ሐሙስ ሊከሱት ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። ወይዘሮ ሰብሌን ግን የጣላቸው ጡት ያላጠቡት ልጃቸው ነው፤ ይህ ከፈረስ ይብሳል።

«እሱን ለወርክሾፑ ብለህ ገደልከው» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «እኔን ለምን? በልጄ ፊት ገዳይ ያደረግኸኝ ምን በድዬህ ነው?»

ቀዳማዊ አንገቱን ደፋ። «ያሳየሁሽን ሁሉ ሳትጠይቂ የምታምኚው አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ እማዬ።»

ርሆቦት እያለቀሰች የእናቷን እጅ ልትስም ጎንበስ አለች። ወይዘሮ ሰብሌ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰበሰቡ።