ስምንተኛው ቤት

«ሽንኩርቱ ለማን ነው?»

«ለሰርግ።»

«የት?»

«ናዝሬት። ሙሽራዋ ግን የዝዋይ ልጅ ናት።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። የአሰቡ ሾፌር ጂብሪል ግራ ቀኙን አየና ከጋቢናው አንድ ጆንያ አውጥቶ በሁለት እጁ ለአምባዬ አቀበለው። የዓለም ጤና ከተማ ገበያ ከበስተጀርባቸው ይንጫጫል። በሽንኩርት ወቅት እዚህ ጆንያ የያዘን ሰው ዞሮ የሚያይ የለም።

«ቀስ በል። ከሥር ያለው ሽንኩርት አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ እዚህ አትቁም።»

አምባዬ አልቆመም። አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ጆንያውን በጉልበቶቹ መሀል አስቀመጠ። ናዝሬት የቴሌቪዥን ጠጋኙ አምባዬ እያለች ታውቀዋለች። ስሙ አልነበረም። በደህንነት ዘንድ «ምስማር» ይባላል። እናቱ ባወጣችለት ስም ከተጠራ ግን ቆይቷል።

ሞጆ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ፈታሾቹ የሾለ ብረት ይዘው ገቡ። የአንዲት ባልቴት የበርበሬ ከረጢት ተወጋ። የአንድ ቄስ ፍራሽ ተወጋ። ባልቴቷ ስትቆጣ አንደኛው ፈታሽ በርበሬዋን መሬት ላይ ዘረገፈው፤ አምባዬ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ብረቱ ወደ እሱ መጣ። ፈታሹ ፊቱን አየው። ጆንያውን አየው።

አልወጋውም።

አምባዬ የፈራው ያኔ ነው። ምክንያቱም ማሽኑ እዚህ ኬላ ላይ እንዲያዝ ከአለቃው ጋር ተስማምተው ነበር።

ከሽንኩርቱ ሥር ያለው የምስል ማጉያ ነው። ያዘዘው በስልክ ሥራ ያረጀው ጋሼ ቀነዓ ነው። ቀነዓ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መሰብሰብ ወንጀል ሆኗል፤ እሱም ሰው አልሰበሰበም። ሳሎኑ ውስጥ የቪዲዮ ማጫወቻ አስቀምጦ፣ ጠፍጣፋ የአንቴና ሽቦ በአጥር ሥር እያሾለከ ወደ ሰባት ቤቶች ዘረጋ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባቱም ቤቶች በየሳሎናቸው አንድ ስብከት ያያሉ። ከዚያ ለልጆቹ ካርቱን ይገባል። በመጨረሻ ቀነዓ ማይክሮፎን ይዞ ይጸልያል። ሲጨርስ እያንዳንዱ ቤት የሽቦውን ጫፍ ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ይመልሰዋል። በቀነዓ ሳሎን ያለው ሥዕል ያኔ ይንቀጠቀጣል። «አሜን» ማለት ነው። ሰውየው ዓይኑን ሥዕሉ ላይ ተክሎ አሜን ይቆጥራል።

የቀነዓ ማሽን ትንሹን ካሴት ነው የሚያጫውተው፣ ቤታማክስ የሚባለውን። መኪና ተራ አጠገብ ባለው የወይዘሮ ዘርፉ ሆቴል ደግሞ ያለው ትልቁ ካሴት፣ ቪ.ኤች.ኤስ. ነው፤ የህንድና የካራቴ ፊልም፣ ክፍያው በር ላይ። ትንሹ ከትልቁ ማሽን አይገባም፣ ትልቁም ከትንሹ። የትንሹ ሥዕል ይጠራል፣ የለም የትልቁ ፊልም ሳይቋረጥ ያልቃል እየተባባሉ ቢራ ላይ አንገት ለአንገት የተያያዙ የከተማው ሰዎች ነበሩ። ዘርፉ ግን ሰው እየራቃት ነበር። ቤቱ ተቀምጦ በነጻ የሚያይ ሰው ሆቴል ምን ሊያደርግ ይመጣል?

አምባዬ የታዘዘው ቀነዓን እንዲቀርብ ነው። ቀረበው። ሽቦ አብሮ ዘረጋ፣ ከማዕዱ በላ። ቀነዓ ሽቦ አገማመድ አስተማረው፤ ዝናብ እንዳይገባው እንዴት በሰም እንደሚታሸግ አሳየው። አምባዬም የተማረውን ይዞ ሄዶ፣ ማንም ሳያየው ከሽቦው ጫፍ ላይ ስምንተኛ ቅጥያ ሠራ። «ለማዳመጫ» ነበር የተባለው። ሽቦውን እስከ አንድ የግንብ አጥር አደረሰው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይቀጥለዋል አሉት። የማን አጥር እንደሆነ አልጠየቀም።

ቀነዓን ግን ወደደው። በዚህ ሙያ ይህ በሽታ ነው።

አለቃውን ሻምበል አስፋውን ሶደሬ አገኘው። ሻምበሉ ፍል ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ተዘፍዝፎ፣ ጠርዙ ላይ ለተኮለኮሉ ጦጣዎች ኦቾሎኒ ይወረውራል።

«ኬላ ላይ አልፈተሹኝም» አለ አምባዬ።

«ነግሬያቸው ነው። ይግባለት።»

«ለምን?»

«በሽቦ ሲሄድ ሕገወጥ ስብሰባ ነው። ስድስት ወር ታስሮ ይወጣል። አየር ላይ ሲወጣ ግን የጠላት ጣቢያ ነው። ያ ማጉያ በዚያ ልቅ ሽቦ ላይ ሲገባ ግማሹ አየር ላይ ይፈሳል። የቀበሌው አዳራሽ ቴሌቪዥን ሳይቀር ይይዘዋል። ምስክር ፍለጋ አልዞርም።»

«ሰውየው አይነካም ብለውኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር። አሁን ደግሞ ይነካል እያልኩህ ነው።»

አንዷ ጦጣ እጇን ዘረጋች። ሻምበሉ ኦቾሎኒውን አስጠግቶ፣ ልትይዘው ስትል ወደ ራሱ አፍ ወረወረው። ጥርሱን እያሳየ ሳቀ።

አምባዬ ሱቁ ገብቶ በሩን ዘጋ። ማጉያውን ፈታ። ከውስጥ ኮንደንሰር ከሚባሉት ትንንሽ ክፍሎች የአንዱን እግር በጉጠት ቆረጠና መልሶ ገጠመው። ከላይ ምንም አይታይም። ማሽኑ ካልሠራ ጣቢያ የለም። ጣቢያ ከሌለ ስድስት ወር ነው፤ ስድስት ወር ደግሞ ሰው ይችለዋል። ለቀነዓ ማድረግ የሚችለው ይህን ብቻ ነበር።

ቀነዓ ቤት ሲያደርሰው ምሳ ቀርቦ ነበር። የቀነዓ ሚስት ሎሚ ወንበር ሳበችለት።

«አካም ጂርታ፣ አምባዬ? ከስተሃል።»

«ደህና ነኝ፣ እትዬ ሎሚ።»

ባልና ሚስቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ። አምባዬ እንደ ልማዱ ዓይኑን አልጨፈነም። ቀነዓ ዓይኑን ሲገልጥ ትክ ብሎ እያየው አገኘው።

«ይህ ማጉያ ግን ለምን አስፈለገ፣ ጋሼ? ሰባት ቤት ያለሱም ያያል» አለ አምባዬ።

«ሥዕሉ ደክሟል። ሰባት አይደለንም። አንድ ቤት ተጨምሯል።»

የአምባዬ እጅ ጉርሻው ላይ ቆመ።

«ማን ነው?»

«እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«ታዲያ ለምን አትቆርጡትም?»

«የተራበ ሰው በአጥር ቀዳዳ እጁን ቢያስገባ እጁን ትቆርጣለህ?» ቀነዓ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋለት። «ብላ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለአምባዬ ትእዛዝ ደረሰው። ስምንተኛው ማዳመጫ ድረስ ና። አድራሻው የወይዘሮ ዘርፉ ሆቴል ነበር።

የግንቡን አጥር አወቀው። የዘርፉ ጓሮ ነው።

በእልፍኙ አዲስ የቀለም ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ሻምበል አስፋው ካልሲውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተንፈላስሷል፣ አጠገቡ የመገናኛ ሬዲዮ። ዘርፉ ክንዷን ሶፋው መደገፊያ ላይ ጥላ ቢራውን ትቀዳለታለች። ግድግዳውን ተደግፈው ገና ከካርቶን ያልወጡ የትልቁ ካሴት ማጫወቻዎች ተደርድረዋል።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አለ አምባዬ።

«የእኔና የሻምበል ነው» አለች ዘርፉ። «ሽቦው ተዘርግቶ አልቋል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት ለምዷል። የጎደለው ካሴቱ ነው።»

አምባዬ ሻምበሉን አየ። ሻምበሉ አላፈረም።

«ጠላት አልነበረም ማለት ነው።»

«ተፎካካሪ ነበር» አለ አስፋው። «ተቀመጥ።»

አምባዬ ተቀመጠ። አንድ ተስፋ ብቻ ነበረው፤ የተቆረጠው ኮንደንሰር። ሥዕሉ ደክሞ፣ ጭጋግ ሆኖ ይመጣል። የቀበሌው አዳራሽ ምንም አይይዝም።

ቴሌቪዥኑ በራ።

ሥዕሉ ጥርት ብሎ መጣ።

«አዳራሹም ይዞታል» አለ ሬዲዮው። «ምስክሮቹ ቁጭ ብለው እያዩ ነው።»

«ፍጠኑ። የቤቱ ደጅ ሳትደርሱ ካጠፋው ማሽኑ ሲሠራ አልያዝነውም ማለት ነው» አለ አስፋው።

ስብከቱ አለቀ። ካርቱኑ ቀረ። የቀነዓ ድምፅ ገባ፣ የደከመና የደስተኛ ሰው ድምፅ።

«ወንድሞችና እህቶች፣ ማጉያው ከመንገድ ብዛት ተጎድቶ ነበር። ከሎሚ ሬዲዮ ላይ ክፍሉን አውጥቼ ተካሁለት። ሎሚ ዛሬ ሬዲዮ የላትም፤ ጌታ ይባርካት። ዛሬ የምንጸልየው ለስምንተኛው ቤት ነው። ማን እንደሆንክ አንጠይቅም። ለምን እንደተደበቅህ አንጠይቅም። ለአንተ ግን ይህ ማሽን በርቷል። ይግላል፣ ሽቦውም ያፈሳል፤ ለሌሎቹ አያስፈልጋቸውም። ከሰማኸን አሜን በለን። ካልሰማኸን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ሥዕሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዱ ቤት። ሌላው ቤት። ሰባቱም አሜን አሉ።

ቀነዓ ይጠብቃል።

«አልደረስንም» አለ ሬዲዮው። «መንገዱን ጋሪ ዘግቶታል።»

አስፋው ወደ አምባዬ ዞረ። «በሪፖርትህ የጻፍከው ይህን ነው አይደል? አሜን በለው።»

አምባዬ አልተንቀሳቀሰም።

«ምስማር።»

በሽቦው ሌላኛው ጫፍ የቀነዓ ትንፋሽ ይሰማል። አንድ አፍታ ብቻ ቢታለፍ ያጠፋዋል። ማጉያው ጓሮ ይቀበራል፣ ሰውየው ስድስት ወር ታስሮ ይወጣል።

«ስምንተኛው ቤት፣ እንግዲህ ላጠፋው ነው» አለ ቀነዓ በቀስታ።

ሻምበሉ ሽጉጡን አወጣና ሶፋው ላይ፣ ከቢራው አጠገብ አስቀመጠው። አላነጣጠረም። ማነጣጠር አላስፈለገውም።

አምባዬ ተነሳ። ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞረ። ሽቦውን ነቀለ።

መልሶ ሰካው።

ከቴሌቪዥኑ የመጣው የሳቅና የለቅሶ ድምፅ ነበር፤ ቀነዓ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ያለቅስ ነበር። «ሰማን!» አለ። «ሎሚ፣ አየሽ? ሰማን!» ከዚያ በር ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ የሎሚ ጩኸት። ዘርፉ ድምፁን ቀነሰችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሻምበሉ ስልክ ደወለለት።

«ሰውየው አልቋል። በጤናው ነበር የገባው፣ ጅል ሆኖ ነው እንጂ። ስምንተኛው ቤት የማን ነው ብለን ጠየቅነው።»

«እርስዎ ያውቁት የለም እንዴ?»

«እኔማ አውቃለሁ። እሱ ማወቁን ማረጋገጥ ነበረብኝ። አንተን የሚያውቅህ ከሆነ ለሚስቱም ነግሯታል፣ እሷም መጨመሯ ነበር። የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ውስጥ እግሩ እስኪፈነዳ። አንድ ቃል አልወጣውም። አያውቅህም። ንጹህ ነህ፣ ሥራህን ቀጥል።»

ሥራው ሽቦውን መልሶ ማገናኘት ነበር። ምንጩ አሁን የዘርፉ ሆቴል ነው፣ ካሴቱ ትልቁ። በከተማው የነበሩት የትንሹ ካሴት ማጫወቻዎች «ለምርመራ» ተብለው ተለቅመው አንድ መጋዘን ውስጥ በመጥረቢያ ተሰባበሩ። አምባዬ ከአጥር አጥር እየዞረ ሽቦ ገመደ። በሰምም አሸገ። አንዱም ቅጥያ አላፈሰሰም።

ሎሚ ሱቁ የመጣችው ናዝሬትን ሊለቅ እቃውን በሚሸክፍበት ቀን ነው። እጇ ላይ ምሳ ዕቃ አለ፣ ከነምግቡ።

«ስንቅ ከእንግዲህ አታምጪ አሉኝ» አለች።

በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም ነበር። አምባዬ በርጩማ አቀረበላት። አልተቀመጠችም። ከነጠላዋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ትንሽ ካሴት ነበር።

«ያን ቅዳሜ ጠዋት ድምፁን ቀርጾበታል። ላንተ ነው።»

«ለምን ለእኔ?»

«ቅጥያውን አይቶት ነበር። አንተ ግራኝ ነህ፣ ሽቦ ስትገምድ ወደ ግራ ነው። ገና እንዳየው ‹አምባዬ ነው› አለኝ። ‹በግልጽ መምጣት አፍሮ ተደብቆ የሚሰማ። ኒቆዲሞስም ተደብቆ ነው የመጣው። እንዳታሳፍሪው› አለኝ። ማጉያውን ያዘዘው ላንተ ነው፤ አንተ መጨረሻ ላይ ስለሆንክ ሥዕሉ እንዳይደክምብህ ብሎ።»

ሰውየው ያውቅ ነበር። እግሩ እስኪፈነዳ የተገረፈው እያወቀ ነው።

«አንተ እንኳን ተረፍክ» አለች ሎሚ። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር። «ያን ቀን አሜን ስትል አለቀሰ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም። አምላክ ይስጥህ።»

ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት ሄደች። «ከስተሃል፣ ብላ» አለችው ከበሩ።

ዛሬ ዝዋይ፣ ከአሳ ማውረጃው ጀርባ፣ ኢተፋ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ሰው አያበዛም። አሳ አጥማጆቹ ከአዳሚ ቱሉ ነው የመጣው ይላሉ፤ የአዳሚ ቱሉ ሰዎች ደግሞ አያውቁትም። በደህንነት ዘንድ አሁን ሌላ የምስጢር ስም አለው። ቴሌቪዥን አልጠግንም ይላል፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም።

ከካውያው ሳጥን ሥር አንድ ትንሽ ካሴት ያስቀምጣል። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያልጠየቀው ማጫወቻ ቤት የለም። ሁሉም ትልቁን ነው ያላቸው። አንዳንዴ ሱቁን ዘግቶ ካሴቱን ያወጣና ክሩን በጣቱ ሳብ አድርጎ ወደ ብርሃን ያነሳዋል። ቡናማ ነው፣ ምንም አይታይበትም። ከዚያ እንዳይበጠስ በጥንቃቄ ይመልሰዋል።