የእርቁ ዕለት ጠጅ

ካሱ የሞተው አፉን ከፍቶ ነው። ሲቀላ ከተማ ውስጥ በዚህ የተደነቀ ሰው አልነበረም፤ ዕድሜ ልኩን ያልተዘጋ አፍ ለሞት ብሎ አይዘጋም። በእትዬ ልክነሽ ጠጅ ቤት ጓሮ፣ ከማንጎው ሥር፣ የእሑድ ኮቱን እንደለበሰ በጎኑ ተጋድሟል። ከከንፈሩ የወረደው ነጭ አረፋ አገጩ ላይ ደርቋል። ዝንቦቹ ከፖሊስ ቀድመው ደርሰዋል።

መርማሪው መቶ አለቃ ክንፉ ጉልበቱ እየተንቋቋ ቁጢጥ አለና የሬሳውን ዐይን ገለጥ አደረገ። ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክሏል። ጎንበስ ብሎ አፉን አሸተተው።

«ልብ ድካም ይሆን?» አለ ከኋላው የቆመው ሻምበል ካሳ፣ አፍንጫውን በመሐረብ እንደያዘ።

«ልብ ላምባ ላምባ አይሸትም» አለ ክንፉ።

ካሳን ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም ያስተማረው ክንፉ ነበር። ዛሬ ካሳ አለቃው ነው። ይህን ክንፉ በየቀኑ ያስታውሰዋል፤ ካሳ ግን ረስቶታል።

ሟቹ ካሱ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ሥራው ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ በጠጅና በሰው ላይ መፍረድ ነበር። ብርሌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል፣ ይጎነጫል፣ አንዳንዴም ደጃፉ ላይ ይተፋል። «ልክነሽ፣ ዛሬ ውሃው በዝቷል» ያለ እንደሆነ አግዳሚው ሁሉ ባዶ ይውላል። ስም ማውጣትም ይችልበታል፤ አንዴ ያወጣው ስም እንደ ንቅሳት አይለቅም። ክንፉ በልጅነቱ የሚኒስትሪ ፈተና መውደቁን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ «ክቡር ሚኒስትር» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ወዲህ ክንፉ ሌባ እንኳ ካቴና ሲያስገባለት በሆዱ «እሺ ክቡር ሚኒስትር» የሚለው ይመስለው ነበር። ስለዚህ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ሳለ ያዘነ መምሰል ትንሽ አስቸግሮታል።

የዚያን ዕለት በጠጅ ቤቱ የተሰበሰቡት ለእርቅ ነበር። ካሱ የሚታረቀው ከከተማው በላይ፣ ደጋው ላይ ካለችው ከኦቾሎ መንደር ሸማኔ ከእንድሪያስ ጋር ነው። ጠቡ እንዲህ ነበር፤ አንድ ቀን ካሱ ብርሌውን ጨብጦ፣ «የእንድሪያስ እናት እኮ ሸክላ ትጠፈጥፍ ነበር። ጭቃው ከጥፍሩ ሳይወጣ ሸማኔ ነኝ ይለናል» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ተንቆ፣ ከሌላው ጋር ሳይጋባ ነው የሚኖረው። ወሬው ደጋ ደረሰ። የእንድሪያስን ልጅ ቲጂን ያጩት ሰዎችም ቃላቸውን አጠፉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ነገሩ ዓመት ሙሉ አመርቅዞ፣ በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡበት።

እንደ ደጋው ወግ ሁለቱ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል ጠጡ። ቅሉን ያመጣው እንድሪያስ ነው። ከሁለቱ በቀር ለተሰበሰቡት ሁሉ ካደለች በኋላ፣ ጠጁን ከዚያው ማንቆርቆሪያ የቀዳችው ልክነሽ ናት፤ እንደ ልማዷ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ እንድሪያስ «እንግዳ አለብኝ» ብሎ ሳይቀመጥ ወጣ። ካሱ ወደ በሩ ቦታው ተመለሰ። ልክነሽ የደስታ ብላ አንድ ብርሌ አቀረበችለት። ካሱ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው፣ ተጎነጨ፣ ላብ አጠመቀው፣ ብርሌው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። እየተንገዳገደ ወደ ጓሮ ወጣ፤ በእግሩ አልተመለሰም።

ሐኪሙ በማግስቱ፣ የገደለው የጥጥ ተባይ መድኃኒት ነው አለ፤ በየገበያው በአረቄ ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ላምባ ላምባ የሚሸተው።

«ቀላል ነው» አለ ሻምበል ካሳ። «ቅሉን ሁለቱም ጠጥተውታል፣ አንዱ በሕይወት አለ። ስለዚህ መርዙ ብርሌው ውስጥ ነበር። ብርሌውን የሰጠችው ሴትዮዋ ናት፤ ገበያዋን ሲገድልባት የኖረው ደግሞ እሱ። ምን ቀረ?»

«ጠጪዎቹን መጠየቅ ቀረ።»

«ምን ብለህ?»

«ጠጁ እንዴት ነበር ብዬ።»

ካሳ ሳቀ። ጸሐፊዎቹም አለቃ ስቋልና ሳቁ። «ሰው ሞቶ፣ ክቡር ሚኒስትር የጠጅ አስተያየት ይሰብስቡ። እስከ ረቡዕ። ረቡዕ ሴትዮዋ ወደ ዐቃቤ ሕግ ትሄዳለች፤ ገመዱ ከዚያ ወዲያ የኛ ጣጣ አይደለም።»

ክንፉ መጀመሪያ ልክነሽ ወደታሰረችበት ክፍል ገባ። የካሱ ወንድሞች የቤቷን ጣሪያ በድንጋይ እንደበሱት ሰምታ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ ልክነሽ፣ የእሑዱ ጠጅ እንዴት ነበር?»

ቀና ብላ አየችው። «ካሱ ባንተ አድሮ መጣ እንዴ? ደህና ነበር።»

«በመዳፍሽ ቀምሰሽዋል።»

«ቀምሼዋለሁ። ደህና ነበር አልኩህ።»

ዐይኗን ግን ግድግዳው ላይ ተክላለች። ስቅላት ከፊቷ ቆሞ፣ ስለ ጠጇ ክፉ መናገር አልሆነላትም።

ሁለተኛው አለምሰገድ ነበር። የዞኑ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ማልዶ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጥቶ ይፈርማል፣ ቀኑን ሲቀላ ጠጅ ቤት ያሳልፋል።

«ክቡር... መቶ አለቃ፣ ጠጁ ደህና ነበር።»

«አለምሰገድ፣ ደህና ጠጅ የጠጣ ሰው እንዲህ ምራቁን አይውጥም።»

ሰውየው ዙሪያውን አየ። «ላምባ ነበር። ኩራዝ የጠጣሁ ነው የመሰለኝ።»

«አልተናገርክም?»

«በእርቅ ላይ? የእርቅ መጠጥ ከተነቀፈ እርቁ ይፈርሳል፤ ምልኪ ነው። ካሱ እንኳ ትንፍሽ አላለም፣ እኔ ማን ሆኜ ነው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከሞተ ወዲህ ደግሞ ማን ላምባ ላምባ ይላል ብሎ ይመሰክራል? ሁላችንም ነን የጠጣነው። መርዝ ጠጥታችኋል ብላችሁ ሆዳችንን ብታጥቡስ?»

የማር ነጋዴው ረሺድ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ተቀበለው። በዕለቱ ሽማግሌዎቹን አክብሮ ብቅ ብሎ ነበር፤ ጠጅ ግን አይቀምስም።

«እኔ ማር ሸጥኩ እንጂ ጠጅ አልጠመቅኩ» አለ ገና ሳይጠየቅ።

«ማሩ በምን ተጫነ?»

ረሺድ በእግሩ አንድ ቢጫ ጀሪካን ከባንኮኒው ሥር ገፋ አደረገ። «ላምባ ነበረበት። ወላሂ አጥቤዋለሁ። በአመድ ሳይቀር ፈትጌዋለሁ።»

ክንፉ ጀሪካኑን አሸተተና መለሰለት። ለረሺድ የአንድ ሰሞን ገበያ ከሰው ነፍስ እንደሚበልጥበት ፊቱ ላይ ታየው። አልፈረደበትም፤ ሲቀላ ሁሉ እንዲሁ ነው።

ማክሰኞ ወደ ኦቾሎ ወጣ። መኪናው የሚችለውን ያህል ሄዶ ቆመ፤ የቀረውን ክንፉ ጉልበቱን እየረገመ በእግሩ ጨረሰው። አባያ ሐይቅ ከታች ቀላ ብሎ ተንጣሏል። የእርቁን ሽማግሌ አቶ አሞጽን አጥራቸው ሥር ተቀምጠው አገኛቸው።

«አባቴ፣ ሲጠጡ የካሱን ፊት አይተውታል?»

«አይቻለሁ። ዐይኑ ፈጠጠ። ሊተፋው ነው ብዬ ፈራሁ።»

«አልተፋም ግን።»

«እንዴት ይተፋል? የእርቅ መጠጥ የተፋ ሰው ጠቡን መልሶ አነሳ ማለት ነው። እኔም ያው ሁላችንም ችለን የጠጣነው ላምባ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዋጠው።»

«እንድሪያስስ?»

«እሱ ያው ፈሰሰበት። ጉንጭ ለጉንጭ ሲሆን መፍሰሱ አይቀርም። ደረቱ ራሰ፤ እኛም በረከት ነው ብለን ሳቅን።»

እንድሪያስ ከጓሮው የሽመና ጉድጓድ እግሩን ሳያወጣ ነው ያነጋገረው። መወርወሪያዋ ከእጅ ወደ እጅ ትመላለሳለች። ከንፈሩ ጥግ ቆዳው ተልጧል።

«ጠጁ እንዴት ነበር፣ አቶ እንድሪያስ?»

«ማር ነዋ። የልክነሽ ጠጅ እኮ እንከን የለውም። ጉሮሮ ላይ እንደ ቅቤ ነው የሚወርደው። ከአንድ ቅል ጠጥተን እኔ ይኸው አለሁ፤ ሰውየውን ሌላ ነገር ነው የገደለው።»

«ቅሉ የት አለ?»

«ተሰነጠቀ። ጣልኩት።»

አጥሩ ላይ አዲስ ጋቢ ታጥቦ ተሰጥቷል። ክንፉ ሲወጣ ልጅቷን ቲጂን በሩ ላይ አገኛትና፣ «ጎበዝ ነሽ፣ እንዴት አጥበሽ አነጣሽው» አላት።

«እኔ አላጠብኩትም። አባባ ከከተማ ሲመለስ ኩልፎ ወንዝ ወርዶ ራሱ አጥቦት መጣ። ዘንድሮ ምን እንደነካው እንጃ፤ መሐረብ እንኳ አጥቦ አያውቅም።»

ክንፉ ቁልቁል ሲወርድ ጉልበቱ አላመመውም። ደስ ብሎት ነበር፤ ደስታው ግን ለሰው የሚነግሩት ዓይነት አልነበረም።

ረቡዕ የጠጅ ቤቱ እሽግ ተነሣ። ልክነሽ በሁለት ፖሊስ መካከል ሆና ገባች። አቶ አሞጽ፣ አለምሰገድ፣ ረሺድና እንድሪያስ ለምስክርነት ተጠርተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ሻምበል ካሳ ሰዓቱን እያየ በሩን ተደግፏል።

ክንፉ አንድ ብርሌ ንጹሕ ጠጅ ከጎረቤት አስመጥቶ ነበር። ከኪሱ የአረቄ ጠርሙስ አወጣና ከውስጡ ጥቂት አንጠባጠበበት። ወርቃማው ጠጅ አፍታ ሳይቆይ ደፍርሶ እንደ ወተት ነጣ።

«ይህ የጥጥ መድኃኒት ነው» አለ። «ካሱ የመጨረሻ ብርሌውን ምን አደረገው፣ አለምሰገድ?»

«ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየው።»

«ነጭ ነበር?»

«ወርቃማ ነበር። እንዲህ ወተት ቢመስል ኖሮ ልክነሽን እዚያው ይሰድባት ነበር።»

«እንግዲያው መርዙ ብርሌው ውስጥ አልነበረም። ማንቆርቆሪያውም ውስጥ የለም፤ እሷ ቀምሳለች፣ እናንተም ጠጥታችኋል። መርዙ ዐይን በማያየው ዕቃ ውስጥ ነበር። ቅል ውስጥ።»

«ቅሉንማ አብሬው ጠጥቻለሁ» አለ እንድሪያስ ረጋ ብሎ።

«ጠጁ እንዴት ነበር?»

«ነገርኩህ እኮ። ማር።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ቀስ ብለው ዞረው አዩት። ክንፉ ለልክነሽ ምልክት ሰጣት፤ ከእሑዱ ጋን ቀዳች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ለእያንዳንዱ ብርሌ ሰጠች። አለምሰገድ ፊቱን አጨማዶ ጠጣ። አቶ አሞጽ ዐይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ረሺድ አሸተተና አንገቱን ደፋ።

እንድሪያስ ብርሌውን ወደ አፉ አስጠጋ። አፍንጫው ሥር ሲደርስ እጁ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«ምን ጨመርክበት?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ምን ሸተተህ?»

«ልትገድለኝ ነው። ይሄ ያው...»

«ያው ምን?»

ክንፉ ብርሌውን ከእንድሪያስ እጅ ተቀብሎ ግማሽ ድረስ ጨለጠው።

«ይሄ ያው የእሑዱ ጠጅ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «የረሺድ ጀሪካን ያገማው። ሁሉም ጠጥቶታል፣ በእርቅ ላይ ነውር ነው ብሎ ማንም አልተናገረም። አንተ አልጠጣህምና አታውቅም። ከቅሉ ላምባ ሲሸትህ የራስህ መርዝ መሰለህ። ከንፈርህን ገጥመህ ደረትህ ላይ አፈሰስከው፣ የነካው መርዝ ከንፈርህን ላጠው፣ ጋቢህን ኩልፎ ወርደህ አጠብከው። እሱ ግን መዋጥ ነበረበት። ዕድሜ ልኩን የሰው ጠጅ ሲተፋ የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን መትፋት ሲገባው አደብ ገዛ። አንተም አደብ እንደሚገዛ አውቀህ ነው።»

አቶ አሞጽ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «በእርቅ» አሉ። «በእርቅ ቅል።»

«የልጄ ዕድል በሳቅ ሲፈርስ እርቅ የት ነበር?» አለ እንድሪያስ። «ካሱ ተናገረ። የሳቃችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ለሁላችሁ የሚሆን ቅል ባገኝ ኖሮ...» እጁን ዘረጋ። ካቴናው ገባ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አለምሰገድ ወደ ረሺድ ጠጋ ብሎ፣ «ሸክላው ተሰበረ» አለው በሹክሹክታ። ረሺድ ሳይፈልግ ሳቀ። እንድሪያስ በሩ ላይ ሰምቶ ለአፍታ ቆመ፤ ገፍተው አስወጡት።

ሻምበል ካሳ፣ «ጥሩ ሠርተናል» ብሎ ሄደ። ጠጪዎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ልክነሽ አንዱን ብርሌ ላቅርብልህ ብትለው ቀጠሮ አለብኝ አለ፤ ሌላው ሆዴን አሞኛል አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሲቀላ ለቤቱ «ላምባ ቤት» የሚል ስም አውጥታለች። ከገመድ ያዳናት የጠጇ ክፋት ነበር፤ ያንኑ ክፋት ደግሞ ከተማው ሁሉ በምስክር ፊት አረጋግጦ ሄደ።

ባዶው አግዳሚ ላይ ክንፉ ብቻ ቀረ። ልክነሽ ብርሌ ቀድታ፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«ነፍሴን አትርፈሃል። ሌላ የለኝም፤ ይኸው ነው ያለው።»

ተጎነጨ። ልክነሽ ፊቱን ታያለች። ሃያ ዓመት የደንበኛ ፊት ስታይ የኖረች ሴት ናት።

«እንዴት ነው?» አለችው።

አንድ ደግ ቃል ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ክንፉ አፉ ውስጥ ፈለገው። ያንን ጠጅ ያመሰገነ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ካቴና ውስጥ ነው። ደግሞም ለእሱ ለራሱ በዚያ ቤት ደግ ቃል ማን ነግሮት ያውቃል?

«ላምባ ነው» አለ።

ልክነሽ ብርሌውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችና ደጃፉ ላይ ደፋችው።

«ካሱ ሞተ ያለኝ ማነው?» አለች።