የዶርካስ ሆልሮይድ ብድር

በ፲፰፻፶፩ ዓ.ም.፣ የኅዳር ጉም ከሱፍ ፋብሪካዎቹ ጭስ ጋር ተደባልቆ የሃርትሌይን ከተማ በሸፈነበት ዕለት፣ የሸማኔ ልጅ ዶርካስ ሆልሮይድ በወንዶች ኮሌጅ አዳራሽ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሒሳብ ትምህርት ታዳምጥ ነበር፤ መምህሩ ዶክተር ኦገስቲን ፔልሃም ባዩዋት ጊዜ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«እመቤቲቱ መንገድ ጠፍቷት ነው መሰል፤ ገበያው ወዲያ ማዶ ነው» አሉ።

ተማሪዎቹ ወለሉን በእግራቸው እየደበደቡ አስወጧት፤ አንዱም ባርኔጣዋን ነጥቆ ጭቃ ላይ ጣለው። ዶርካስ አላለቀሰችም፤ ቂም ቋጠረች እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሌሎችን ልጆች በየቤታቸው እያስተማረች፣ የባለፋብሪካ ሚስቶችን ደጅ እየጠናች ኖረች፤ ፀጉሯ መሸበት ሲጀምርም ከጥቂት ሴቶች ጋር ሆና በዚያችው ከተማ የሴቶች ኮሌጅ አቆመች። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ከአባቷ ተደብቃ የመጣችው የዶክተሩ ልጅ ላቪኒያ ነበረች።

ዶክተሩ ልጃቸውን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ፣ ዶርካስ ዝናብ እየወረደባቸው ደጃፍ ላይ አቆመቻቸው።

«ወንድ እዚህ አይገባም፤ ደንብ ነው።»

«ደግሞ ማን ያወጣው ደንብ ነው?»

«እኔ ነኛ። አሁን፣ እርስዎን ሳይ።»

«ልጄን አምጪ ብዬሻለሁ!»

«ከወንዶቹ ጋር ትፈተን። ከወደቀች ይውሰዷት፤ ካለፈች ግን ውጤቱን እኔ በተባረርኩበት አዳራሽ ቆመው እርስዎ ያነቡታል።»

ዶክተሩም «ትወድቃለች» ብለው ተስማሙ።

ዶርካስ ልጅቱን ያለ ርኅራኄ አስጠናቻት፤ ላቪኒያ ከስታ ማሳል እስክትጀምር ድረስ። በሰኔ ዶክተሩ ወረቀቱን ይዘው ቆሙ፤ ከሁሉም በላይ የተጻፈው የልጃቸው ስም ነበርና ድምፃቸው ሰለለ።

«አልሰማንም፤ ይድገሙልን» አለች ዶርካስ ከፊት ወንበር።

ደገሙት። ማንም አልሳቀም።

ዶርካስ ከአዳራሹ ስትወጣ ላቪኒያ መንገድ ዘግታባት ቆመች።

«ሚስ ሆልሮይድ፣ ያን ሁሉ የለፉት ለእኔ ብለው ነው ወይስ በአባቴ የተነሣ?»

ዶርካስ መዋሸት አልሆነላትም። «በእሱ» አለች።

ላቪኒያ በዚያው ሳምንት ከተማውን ለቃ ሄደች፤ አልተመለሰችምም።

ዶክተሩ ግን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ዐውቀው በየአደባባዩ ስለ ሴቶች ትምህርት ይናገሩ ጀመር፤ ሲሞቱም በሴቶቹ ኮሌጅ በር አናት ላይ «የሴቶች ትምህርት አባት» ተብሎ ስማቸው በድንጋይ ተቀረጸ። ዶርካስ በየማለዳው በዚያ ስም ሥር አልፋ ትገባ ነበር። ለምን እንደማታስነሣው ሲጠይቋት፣ «የእሳቸውን ብድር መልሻለሁ፤ የላቪኒያ ዕዳ ነው የቀረብኝ» ትል ነበር።

የከተማው ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ዶክተሩ ብዙ ጻፉ፤ ስለ ዶርካስም አንድ መስመር ያህል፤ ስለ ላቪኒያ ግን ድንጋዩም መጽሐፉም ያለው ነገር የለም።