ሸዋረጋ ያስቀረችለት

ከትክል ድንጋይ ገበያ ወረድ ብሎ ካለው ከአያ ታከለ ቤት ሰላም የራቀው መቼ ነው? ታከለ ራሱ አያውቀውም። ሚስቱ ሸዋረጋ የውሃ ጀሪካኑን ከቀኝ ትከሻዋ ወደ ግራ ያዞረች ሰሞን «ምነው?» ብሏት ነበር። ደክሞኝ ነው አለችው፤ አመናት። እንዴት አያምናት! ዋሽታው አታውቅማ።

ካቻምና እሱ ጎንደር ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት በየዓመቱ የሚያዋጡበት የጤና መድን ወጪውን ሁሉ ሸፍኖለት ድኖ ገብቷል። ያን ቀን ሸዋረጋ በደስታ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ ግን የመድኑን መታወቂያ ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አሰረችው። እድሳት ሲደርስ ታወጣዋለች፤ አሳድሳ መልሳ ትቆልፍበታለች።

ታከለ የነቃው ደብቃው የኖረችው የጡቷ እብጠት ቆስሎ፣ ሽታው ከነጠላዋ አልፎ ሲወጣ ነው። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጻፈላቸው፤ ጎንደር ገቡ። በሆስፒታሉ የመድን መስኮት በኩል ስለ ሽፋን፣ ስለ እድሳት፣ ስለ አባል መዋጮ ሲነግሩት ራሱን ነቀነቀ እንጂ አንዱም አልገባውም። የገባው የሐኪሙ ነገር ብቻ ነው፤ ዘግይታችኋል፣ በሰውነቷ ተሰራጭቷል፣ ወስደህ አስታማት።

ለምን? መታወቂያው እያለ ለምን?... እዚያው ሆስፒታል አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ ጠየቃት።

«አንተ ትልቁን ወስደሃል» አለችው። «እኔም ከነካሁት፣ ሕመሙ ሲመለስብህ በምን ትታከማለህ ብዬ...»

ወይ ሸዋረጋ! የምታውቀው ወንፈልን ነዋ! ሰው ጠርቶ ያሳጨደ ቤት የሰው ጉልበት ሳይመልስ ዳግም አይጠራም። መድኑንም እንዲያው መሰላት፤ ባሏ የታከመበትን እሷ ሕመሟን በመቻል የምትመልስ መሰላት።

ታከለ ግራ ገብቶት ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ምስጋናው የሚባለው የመድን ሠራተኛ ቀስ ብሎ አስረዳው፤ መዋጮው እስከታደሰ ድረስ የባል መታከም ከሚስት ድርሻ አይቀንስም፣ ያልታከሙበትም ለከርሞ አይጠራቀምም። ታከለ ደጋግሞ አስነገረው።

«ታዲያ እሷ ያስቀመጠችልኝ የታለ?»

ምስጋናው አቀረቀረ። «አባቴ፣ የሚቀመጥ ነገር የለውም።»

ወደ እሷ ተመለሰ። ይንገራት? ያን ሁሉ ስቃይ የቻልሽው በከንቱ ነው ይበላት? አልጋዋ ጫፍ ቁጭ አለ።

ሸዋረጋ እጁን ያዘችው። «ጠየቅኻቸው? ላንተ የሚሆን ተረፈ?»

«ተርፏል» አላት። «ሙሉውን ነው ያስቀረሽልኝ።»

ፈገግ አለች፤ እፎይ ብላ ተኛች። ሳምንቱ ሳያልቅ ቀበሯት። ቁልፉን ከማተቧ የፈታው እሱ ነው።

ዕጣ የሚሉት ይህን ይሆን? ያን ያህል ለሚወድ ልብ ቀድሞ የሚያስረዳው አንድ ሰው ማጣት! ዛሬም የእድሳት ሰሞን አያ ታከለ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ቀበሌ ይደርሳል። የቤተሰቡን ስም ሲጠይቁት የሸዋረጋን ያስቀድማል። እሷ እኮ የለችም ሲሉት፣ አይገባውም፤ ስሟን እንደገና ይነግራቸዋል።