ደረጃው የጠራኝ ቀን

ከባለቤቴ ከታደሰ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር የብርድ ልብስ ሽፋን መቀየር ነበር። እሁድ ከሰዓት፣ ፍራንክፈርት፣ ጊንሃይም ሰፈር ባለው ቤታችን፣ እሱ ጥጉን ፍለጋ እስከ ትከሻው ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ «ጎረቤት፣ ጥጉ የት ሄደ?» ይለኛል፣ እኔ ከውጭ እየሳቅሁ ጨርቁን እጎትትለታለሁ። ጎረቤት እያለ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ጉለሌ ሳለን ግድግዳ ለግድግዳ ነበር የምንኖረው፣ ተጋብተን አንድ ጣሪያ ሥር ከገባን በኋላም ስሙ አልለቀቀኝም፣ ልጃችን ማርታ እንኳ በዚያ ስም ጠርታኝ አታውቅም። በማግስቱ ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቆመ።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር። እኔ አልተንሃይም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ማለት ነው፣ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ የስንቱን ዓይን የከደንኩት በነዚህ እጆቼ ነው፣ እመኑኝ፣ ተመልሶ መጥቶ ያነጋገረኝ አንድም የለም። ሰው ሲሞት ጀርመኖቹ ባልደረቦቼ ነፍሱ እንድትወጣ ብለው መስኮት ይከፍታሉ፣ እኔም እከፍት ነበር፣ የክፍሉ አየር እንዲለወጥ።

ታደሰ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሻንጣ ጫኝ ነበር። የሜክሲኮውን በረራ ባራገፈ ቁጥር «የሰው ሻንጣ እንኳ አይቶት መጣ፣ እኔ ብቻ ቀረሁ» ይል ነበር፣ የዚያን አገር ፒራሚድ ማየት ነበር ምኞቱ። ቲኬት ቆርጠን፣ ኡርላውቡን፣ የዓመት ዕረፍቱን፣ አስፈቅዶ፣ የሚለብሰውን ኮፍያ ሳይቀር ገዝቶ ሳለ ነው የሞተው። ማርታ በአባቴ ፈንታ እኔ እሄዳለሁ አለች፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ሐኪሟም ፈቀደላት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዷ «ጥቁር ለብሶ ሽርሽር አለ እንዴ?» ብትለኝ «ጥቁሩም አብሮኝ ይሄዳል» ብያት አለፍኩ።

ፒራሚዱ ጋ የደረስነው በቀትር ነው። አገሩ ከፍታ ላይ ስለሆነ አብረውን በአውቶቡስ የመጡት ጀርመኖች ትንፋሽ አጥሯቸው በየጥላው ሲቀመጡ፣ እኔ እንጦጦ ሥር ያደግሁት ግን አየሩን ሳብ እያደረግሁ ቀድሜያቸው ሄድኩ። አስጎብኚያችን ጀርመንኛ የሚያውቅ ሸምገል ያለ ሰው ነበር፣ ትልቁ ደረጃ ፊት አሰለፈንና «ተራ በተራ አጨብጭቡ፣ ደረጃው እንደ ወፍ ይመልስላችኋል» አለን፣ ተአምር እንዳልሆነም ነገረን፣ ድምፁ ከእያንዳንዱ እርከን እየነጠረ ተከታትሎ ስለሚመጣ ነው። ይህን ማብራሪያ ወደድኩት።

እውነትም ሰው ባጨበጨበ ቁጥር ከላይ ጭርር የሚል የወፍ ድምፅ ይመለሳል። ሁሉም ስቆ ዝም ካለ በኋላ ግን ደረጃው ማንም ሳያጨበጭብለት አንዴ ብቻውን ጮኸ። አንዱ ጀርመናዊ «ይሄስ ትርፍ ሰዓት ይሠራል» ብሎ አሳቀን። መታሰቢያ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛ ሥር ተኝተው የነበሩ ውሾች ግን ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ ላይ ያዩ ነበር፣ አልጮኹም፣ ያያሉ ብቻ።

«ማማ፣ ዱ ቢስት ድራን» አለችኝ ማርታ፣ ተራሽ ነው ማለቷ ነው። እጆቼን አነሳሁ። ገና አላጨበጨብኩም።

«ጎረቤት።»

ጩኸት አልነበረም፣ መነጽሩ የጠፋበት ሰው ከሌላው ክፍል እንደሚጣራው ነበር፣ ከደረጃው ወገብ አካባቢ። እዚያ ላይ ሰው የለም፣ መውጣት ክልክል ስለሆነ ገመድ ተወጥሮበታል።

«ሰማሽ?» አልኳት ማርታን።

«ምኑን?»

እናቴ ከሌሊት ይልቅ ቀትርን ነበር የምትፈራው። «የጠራሽን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ፣ አቤት ያለ ይሄዳል» ትለን ነበር፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ እስቅባት ነበር። ያን ጊዜ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ማርታ አባቷን ቀብራ የቀረኋት እኔ ነኝ፣ ስትወልድም የማርሳት እኔ ነኝ። በሌላ በኩል ደግሞ የጠራኝ እሱ ነው፣ ዝም ካልኩት ሁለተኛ የሚጠራኝ አልመሰለኝም። የልጄን እጅ አጥብቄ ያዝኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «አቤት» አልኩ።

ምንም አልተመለሰም። ወፉም፣ የገደል ማሚቶውም፣ የራሴም ድምፅ።

አስጎብኚው ግራ ገብቶት አጨበጨበ፣ ወፉ መለሰለት። ማርታ «ሃሎ» አለች፣ ሃሎ ብሎ መለሰላት። አስጎብኚው «እስቲ ይድገሙት» አለኝ። ደገምኩት፣ ጥጥ ውስጥ እንደተናገርኩ ሁሉ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ቀረ። ሰውየው መሳቁን ተወ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያ አውቶቡሱ እየጠበቀን ነው አለ። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ አውቶቡሱ ገና አልመጣም ነበር።

«ነፋስ ነው ማማ» አለችኝ ማርታ፣ ነገሩን ከነገርኳት በኋላ።

«ነፋስ ጎረቤት አይልም» አልኳት።

ፍራንክፈርት ከተመለስን ወዲያ አንድ ጠዋት ከእኔ በታች የሚኖሩት፣ አስመራ ያደጉት እማማ ለተብርሃን በራቸውን ገርበብ አድርገው አስቆሙኝ።

«አንቺ፣ ተጣልተናል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም እማማ፣ ምነው?»

«ኮቴሽን እሰማለሁ፣ ሰላምታሽን ግን አልሰማም። ድሮ ደረጃው ላይ ስታወሪ እስከ ወጥ ቤቴ ነበር የሚያስተጋባው።»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው» አልኳቸው። ጉንፋን አልያዘኝም። ባለፍኩ ቁጥር ጮክ ብዬ እንደምን አደሩ ስላቸው ነው የከረምኩት።

ማርታ በሰላም ወለደች፣ እኔው አረስኳት፣ የትም አልሄድኩም፣ የሄደው ድምፄ ነው። ሕፃኗ ሳወራላት ከንፈሬን ታያለች፣ አንዳንዴ ደግሞ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ሌላ ነገር ታያለች፣ ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው ይላሉ።

አሁን ስጠራ መጀመሪያ ዞር ብዬ አያለሁ። ሰው ካለ አቤት እላለሁ፣ ሰው ከሌለም እላለሁ።