አራተኛው ፎቶ

«አረፈበት ነው የምትይው። በቃ፣ አንዲት ቃል ናት» አለ ላስቲክ፣ ባለ ጎማ መንሸራተቻ ሳንቃውን፣ ስኬትቦርዱን፣ በብብቱ ሸጉጦ ከጎኗ እየተራመደ።

ሌንስ እርምጃዋን አፈጠነች። ስሟ ሌላ ነው፤ ካሜራዋ ከአንገቷ ስለማይወርድ ነው ከላስቲክ ጋር በቦርድ የሚዘሉት ልጆች ሌንስ የሚሏት። አሁንም ዓይኗን ከካሜራው ስክሪን ሳትነቅል ትሄድ ስለነበር ከስልክ እንጨት ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፈች።

ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ላስቲክ ከፖስታ ቤቱ ዘጠኝ ደረጃዎች በላይ አየር ላይ ነው፤ ቦርዱ ከእግሩ ሥር ተስተካክሎ ይታያል፤ ጥላው ከታች ሲሚንቶው ላይ ተነጥፏል። ካሜራውን ያዋሰቻት የሠርግ ፎቶ አንሺ አክስቷ እንኳ ብታየው አቃቂር አታወጣለትም። አክስቷ ደግሞ ሙሽራ የማትምር ሴት ናት።

ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ካሜራው በተከታታይ አምስት ፎቶ አንስቷል፤ ያማረው ሦስተኛው ነው። በአራተኛው ቦርዱ ወደ ግራ፣ ላስቲክ ወደ ቀኝ ሄደዋል። በአምስተኛው ላስቲክ መሬት ላይ ተዘርሯል። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሮ አሥራ አንዱንም ወደቀ። ላስቲክ የተባለውም ወድቆ መነሳት ስለማይሰለቸው ነው። በመጨረሻ የፖስታ ቤቱ ጥበቃ መጥቶ አባረራቸው።

ዛሬ በአዲሱ የስኬትቦርድ ሜዳ መግቢያ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ ይመረጣል። ታትሞ በር ያህላል፤ ከሥሩ የዘላዩና የፎቶ አንሺው ስም ይጻፋል። መራጩ፣ የልጆቹ አሰልጣኝ፣ ያወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ዘላዩ ቦርዱ ላይ ቆሞ ያላረፈበት ዝላይ አይሰቀልም። አየር ላይ መታየት ማንም ይችላል ባይ ነው። ሌላ ሰው ካላየ ደግሞ የሚታመነው የፎቶ አንሺው ቃል ነው። ዛሬ ከሌንስ በቀር ያየ የለም።

«ነገ አርፍበታለሁ እኮ» አላት ላስቲክ። «ነገ የሚሆነውን ዛሬ ብትናገሪው ምን አለበት? ውሸት ሳይሆን ቀብድ በይው።»

ሳቀች። መሳቋም አናደዳት።

አምና ልጆቹ ይቺ ከነካሜራዋ መንገድ ትዘጋብናለች ብለው ሊያባርሯት ሲሉ፣ እሷ ከሄደች እኔም ሄድኩ ያለው ላስቲክ ነበር። ያንን ውለታ አሁን ቢያነሳባት ኖሮ ትጣላውና ይቀልላት ነበር። እሱ ግን ጨርሶ አላነሳውም። ሆዷን ያባባት ይሄ ነው።

«እኔም እንዲሰቀል እፈልጋለሁ» አለችው። «ከአንተ በላይ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር አራተኛው ፎቶ ነው የሚታየኝ።»

ላስቲክ የተላጠ ክርኑን ነካካ። ጎን ለጎን እየተራመዱ ሜዳው ደረሱ።

አሰልጣኙ በሩ ላይ ሜትር ዘርግቶ የፎቶውን ቦታ ይለካ ነበር። ካሜራውን ተቀብሎ ሦስተኛውን ፎቶ አየ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እንደገና አየው። እስከዛሬ ማንም ሰው የሌንስን ፎቶ እንዲህ ተመስጦ አይቶላት አያውቅም።

«ይሄማ ሌላ ነው» አለ። ካሜራውን መለሰላትና ጠየቃት፤ «አርፎበታል?»

ላስቲክ ጫማውን ማየት ጀመረ። አንገቱ ቀልቷል። ሌንስ አዎ እንደማትል ያኔ አወቀች። ግን እሱ አጠገቧ ቆሞ እያለ የእሱን ነገር ከእሱ አፍ ቀድማ መናገሩ ከበዳት። እሱ ካልተናገረ እሷ ትናገራለች፤ ፎቶውም ይቅር፣ ስሟም ይቅር። መጀመሪያ ግን ተራው የእሱ ነው።

የካሜራውን ቁልፍ አንዴ ተጫነች። አራተኛው ፎቶ መጣ። ካሜራውን ለአሰልጣኙ ሳይሆን ለላስቲክ አቀበለችው።

«አንተ ንገረው» አለችው ቀስ ብላ።

ላስቲክ ካሜራውን በሁለት እጁ ያዘ። አሰልጣኙ ሜትሩን ሰብስቦ ጠበቀ። ሌንስም ከላስቲክ አጠገብ ሳትርቅ ጠበቀች።