ሜሞሪዋ ላይ ምን አለ?

ሰውየው የሙዚቃ ኪቦርዷን ጠረጴዛው ላይ ሲጥላት ሁለት ቁልፎች ተነቅለው ወለሉ ላይ ወደቁ።

ሰዓዲያ ቁልፎቹን አላየችም። የምታየው እጆቹን ነበር። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው።

«ሥሪያት» አለ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ምን ሆና ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ትናንት ሰንበቴ ከተማ፣ ሰርግ ላይ ጄኔሬተሩ ጓ አለና ዝም አለች። የዛሬው መልስ ያለ ሙዚቃ ሊቀር ነው።»

«ሙዚቀኛውስ?»

«እዚያው ነው። ደጋሹ ጋሼ አይለቁትም።» ሊወጣ ዞሮ ተመለሰ። «ረስቼው! ሙዚቀኛው ‹ሜሞሪዋን አደራ በላት› ብሎኛል። ምን ማለቱ ነው?»

የምትጠብቀው መልእክት ነበር። እጇ ግን ተረጋግቶ ካቻቢቴውን አነሳ።

«ያስቀመጣቸው ዜማዎች እንዳይጠፉበት ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ኧረ የዘፋኝ ነገር!» እየሳቀ ወጣ።

የደላላው ሰው የደላላውን ጉድ በገዛ እጁ ተሸክሞ አምጥቶላታል። አያውቅም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር።

ሰዓዲያ ከሚሴ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። ሰዓዲያ ስሟ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኤሌክትሪክ ስለነበር ጥገና ቤት መክፈት አልከበዳትም። የከበዳት ሌላው ሥራ ነው። ልጃገረዶችን በባቲ አድርጎ፣ በአፋር በረሃ አሳልፎ፣ ባሕር አሻግሮ የሚሸጠውን ደላላ እንድትደርስበት ነበር የተላከችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ልጆች ከከተማዋ ጠፍተዋል። ገና አልተሻገሩም። የሆነ ቦታ ተከማችተው መኪና ይጠብቃሉ።

ቦታውን ሊሰማላት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አላት። ኸይረዲን የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። የላካት የደኅንነት መሥሪያ ቤት «ሚዜው» ይለዋል። የበላይዋ ደግሞ «ሽማግሌው» ነው፤ ደሴ ተቀምጦ በስልክ ያዛታል። እሷን «ሙሽሪት» ይሏታል። ይህን ስም ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ደላላው የልጁን ሰርግ ሲደግስ ሚዜው ይጫወታል። ስልኩም ኪሱም ይፈተሻል። ኪቦርድ ግን ማንም አይፈትሽም። የሰማውን ሁሉ፣ ኪቦርዷ ዜማ በምታስቀምጥባቸው ቦታዎች ስም ላይ ይጽፋል። ከዚያ ፊውዟን ነቅሎ «ተበላሸች» ይላል። እሷ ፊውዙን መልሳ ታነባለች። የአምስት ደቂቃ ሥራ።

ፊውዙን ለመንቀል ግን አልደረሰም። ጄኔሬተሩ ቀደመው።

አሥራ ስምንት ብሎኖች ፈታች። ሦስቱ ዝገው አስቸገሯት። ኤሌክትሪክ የምትቀበልበት ፓወር ሰፕላይ ላይ ጥቁር ጠባሳ አለ። ሶኬቱን ሰካች። ምንም። ቴስተሩን፣ የቮልት መለኪያውን፣ አስጠጋች። ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ላይ ሦስት መቶ ቮልት ቆሟል፤ ወደ ቦርዱ የሚያልፍ ግን የለም። የቴስተሩ ሽቦ ደግሞ ተበጥሶ በፕላስተር የታሰረ ነው። ባነቃነቀችው ቁጥር ይጠፋል።

«ኡፍ!»

በዋናው ቦርድ ጥግ ላይ እንደ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ኪቦርዷ ስትጠፋ ሜሞሪዋን የምትጠብቀው እሷ ናት። ለካቻት። ሁለት ነጥብ ሁለት ቮልት። እየወረደች ነው። እሷ ካለቀች ወይም ከተነቀለች፣ የሚዜው ጽሑፍ በአንድ ትንፋሽ ይጠፋል።

መብራት ጠፋ።

ሰዓዲያ ጣሪያውን አየችው። መብራት እስኪመለስ የምትሠራው የለም።

«ልጄ፣ አለሽ?»

ረቢአ ነበረች፤ ጎረቤቷ ያለች ልብስ ሰፊ። ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አለሁ እትዬ ረቢአ።»

«አንቺ ጋ ብዙ ሰው ይመጣል። ከኢማን ወሬ የሰማ የለም?»

ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ይህንኑ ትጠይቃለች። ኢማን ልጇ ናት፤ ከአሥራ አንዱ አንዷ።

«እስካሁን የለም።»

«ኢንሻአላህ ይመጣል። ሲጨንቀኝ ነው የምነዘንዝሽ፤ አውፍ በይኝ።»

ሰዓዲያ አቀረቀረች። ኢማንን ከደላላው ሰው ጋር ስታወራ ከዚሁ በር ላይ ሆና አይታታለች። ልጅቷ ከመሄዷ ሁለት ቀን በፊት። ለሽማግሌው ወዲያው ደውላ ነበር። «ዝም በይ» አላት። «ትሂድ። መስመሩ ይታይ።»

ዝም አለች።

ረቢአ ስትወጣ ሰዓዲያ ስልኳን አነሳች።

«ኪቦርዷ ደርሳለች። ፓወር ሰፕላይዋ ተቃጥሏል። መብራትም የለም።»

«አትንኪያት ሙሽሪት» አላት ሽማግሌው። «ቴክኒሺያን እልክልሻለሁ። ቅርብ ነው ያለው።»

«እኔ ቴክኒሺያን ነኝ።»

«አትንኪያት አልኩሽ።»

ስልኩ ተዘጋ። አምስት ወር ሙሉ «ዝም በይ» ከማለት በቀር ረድቷት አያውቅም። ዛሬ በአንድ ጊዜ ቸኮለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ረጅም ሰው ገባ።

«ሲራጅ እባላለሁ። ሰርግ አለ ብለውኝ ነው።»

«የማን ሰርግ?»

«ገና ያልተደገሰ።»

የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው። ሰዓዲያ ቦታ ለቀቀችለት። በዚህ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ኪቦርድ የሚጠግን ሰው ብሎን ከመፍታቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ሜሞሪዋ ላይ ምን አለ? የሙዚቀኛ የአሥር ዓመት ልፋት እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ያን ሳይጠይቅ የነካ ሰው ከከተማ ይባረራል። እሷን ራሷን ሁለተኛ ሳምንቷ ላይ አንድ መንዙማ ባይ ሸህ በምርኩዛቸው ሊመቷት ነበር።

ጥያቄውን ጠበቀች።

ሲራጅ ቦርዱን አየ። ፒንሳ አነሳ።

«በመጀመሪያ ይህቺን ባትሪ እናውጣት» አለ። «ጥፋቱ የሷ ነው። እያፈሰሰች ነው።»

ባትሪዋ እንደ አዲስ ሳንቲም ታበራለች። አንድ ጠብታ የለባትም።

«ሜሞሪውስ?» አለች በቀስታ።

«ሜሞሪ በኋላ ይመለሳል።»

አይመለስም።

ይህን የማያውቅ ቴክኒሺያን የለም። ሰውየው ሊጠግን አልመጣም፤ ሊያጠፋ ነው የመጣው። የይለፍ ቃሉን ከሷ በቀር የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሽማግሌው።

የምትደውልለት ሰው የላትም። የሚዜውን ማንነትም ሽማግሌው ያውቃል።

ፒንሳው ወደ ባትሪዋ ወረደ።

«ቆይ!» አለች። «እንደዚያ ብትጎትታት ቦርዱ ይሰበራል፤ ደንበኛው ይጠረጥራል። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ላንሳልህ። በሁለት እጅህ ከሥር ያዝልኝ።»

ሲራጅ አመነታ። ከዚያ ፒንሳውን አስቀምጦ እጆቹን ዘረጋ።

የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ሬሳ ይመስላል እንጂ ሬሳ አይደለም። ካፓሲተሩ የጠጣውን ኤሌክትሪክ ሳያራግፉለት ለረጅም ጊዜ ይይዛል። እሷ ልታራግፈው ስትል ነበር ረቢአ የገባችው። እሱ ቴክኒሺያን ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር።

ፓወር ሰፕላዩን ገልብጣ በመዳፎቹ ላይ አሳረፈችው።

ጧ!

ሲራጅ ጮኸ። ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ስፒከር ወረደበት። ከወገቡ ሽጉጥ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ሰዓዲያ ኪቦርዷን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች። በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

«በድሩ!»

በድሩ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ነው። መንገዱ ማዶ ቆሞ ጫማውን ያስጠርጋል።

«የት ነው እህቴ?»

«ከከተማ አውጣኝ! ወደ ጨፋም ቢሆን! ደፊ! ፍጠን!»

«ወላሂ፣ ዛሬ ኦሮምኛሽ ጠራ!» አንድ ጫማው ሳይጠረግ ዘሎ ገባ።

ከከተማው ሲወጡ መንገዱ በግራና ቀኝ በማሽላ ተሞላ። ሰዓዲያ ክፍቷን ኪቦርድ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከየጉድጓዱ ትከላከላታለች። ባትሪዋ ስንት ደረሰች? አታውቅም። ቴስተሩን ረስታዋለች። እንዴት ቴስተር ይረሳል? መብራት ጠፋ ብላ እጇን አጣጥፋ መቀመጧስ?

ያን ጊዜ ነው የታያት።

«የባጃጅህ ባትሪ ስንት ቮልት ነው?»

«አሥራ ሁለት። ምነው?»

«አቁም!»

ከአንድ ግራር ሥር ቆሙ። የተቃጠለው ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ቦርድ አሥራ ሁለት ቮልት ካገኘ ይነሣል። ከባጃጇ ባትሪ ሁለት ሽቦ ሳበች። መበየጃ የለም። በጥርሷ ልጣ በጣቷ ጠመዘዘችው።

«ባጃጄን ኦርጋን ልታደርጊያት ነው?» አለ በድሩ።

«ዝም በል። ፕላሱ የትኛው ነው?»

«ቀዩ። ቀዩ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?!»

«ቀዩ ነው! ቢስሚላህ በይና አገናኚው።»

አገናኘችው።

ምንም።

አንድ ጊዜ ተነፈሰች። ሽቦውን ደግማ ጠመዘዘችው።

ትንሹ ስክሪን አረንጓዴ ሆነ።

በእያንዳንዱ ስም ላይ ስምንት ፊደል ብቻ ነው የሚገባው። ሚዜው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ቆራርጦ ጽፎታል። አንድ በአንድ ተጫነች፤ እያንዳንዱን በስልኳ ፎቶ አነሳች።

ጨፋ። ማሽላ መጋዘን። ወንዙ ጋ። ሴት አሥራ አንድ። የከብት መኪና። ለባቲ ገበያ። አሥራ አንድ ሰዓት።

የመጨረሻው ሦስት ቦታ ላይ ተከፋፍሏል።

ሽማግሌው። አብሮ። በላ።

ሚዜው በሰርጉ ማዕድ ላይ ከደላላው ጋር አይቶታል ማለት ነው።

«ምንድነው?» አለ በድሩ። ፊቷን አይቶ ሳቁ ጠፋ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ብትደውል መንገዱ በሽማግሌው በኩል ነው። ብቻዋን ብትሄድ መጋዘኑ በር ላይ ትቀራለች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ሽፋንሽን ለማንም አትገልጪም። ለእናትሽም ቢሆን።

«መልሰኝ» አለች። «ረቢአ ጋ።»

ረቢአ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ሰማቻት። ሰዓዲያ በአራት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። ማን እንደሆነች። ልጇ የት እንዳለች። መቼ እንደምትጫን። ማንን ማመን እንደማይቻል።

መርፌው ቆመ።

ረቢአ አልጮኸችም። ሻሿን አጥብቃ ተነሣች። ሰው ከዐስር ሶላት ሲወጣ መስጊዱ በር ላይ ደረሰች። ያኔ ነው ድምጿ የወጣው።

«ያ ጀማዓ! ልጆቻችን ጨፋ ናቸው! በከብት መኪና ሊጭኗቸው ነው!»

በድሩ ደግሞ ለባጃጅ ነጂዎች ደወለ። የከሚሴ ባጃጅ ሲጠሩት ቀርቶ ሲንሾካሾኩበትም ይመጣል። ወደ ጨፋ ሲዞሩ ሰዓዲያ መቁጠር ጀምራ አርባ ላይ ተወችው። እናቶች ሦስትና አራት ሆነው ተደራርበዋል። ፖሊሶቹ ሰልፉን አይተው ከኋላ ተከተሉ።

የከብት መኪናው ከመጋዘኑ ሲወጣ መንገዱ በሰማያዊ ባጃጅ ተዘግቶ ነበር።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ።

ማንም ንቅንቅ አላለም።

ሁለት ወንዶች ዘለው ወደ ወንዙ ሮጡ። ሩቅ አልሄዱም። ረቢአ የመኪናውን የኋላ በር በገዛ እጇ ከፈተችው። ከበሬዎቹ ጀርባ፣ ሸራ ሥር፣ አሥራ አንዱም ነበሩ።

አሥራ ሁለተኛው ኸይረዲን ነበር። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ቀይ ሆኗል። ከሰዓት በኋላ ከሰርጉ አውጥተው አምጥተውታል፤ ጣቶቹን በመጋዘኑ በር ሰብረዋቸዋል።

ሰዓዲያ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ሜሞሪዋስ?» አለ።

«ደህና ናት።»

«ግራ እጄም ደህና ናት።» ሊስቅ ሞከረ። «የባሱን ድምፅ እሷ ትመታዋለች።»

ፎቶዎቹን ለፖሊስ አዛዡ ያስረከበችው በእናቶቹ ፊት ነው። ያ ሁሉ ሰው ያየውን ነገር መሳቢያ ውስጥ መቅበር አይቻልም። ደላላው ከመልሱ ድግስ ላይ፣ ሽማግሌው ደግሞ በማግስቱ ደሴ ላይ ተያዙ። ሲራጅን ከጥገና ቤቱ ያወጡት ስፒከሮቹ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ አንድ መልእክት መጣ። «ዛሬውኑ ከከሚሴ ውጪ።»

ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ ረቢአ በራሷ በር ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዋ፣ ከመጋረጃው ማዶ፣ ኢማን ተኝታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ረቢአ። «ልጄ ስትሄድ ታውቂ ነበር?»

መዋሸት ሥራዋ ነው። አምስት ወር ሙሉ በደንብ ሠርታዋለች።

«አውቅ ነበር።»

«በየቀኑ ስጠይቅሽ?»

«በየቀኑ።»

ረቢአ አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደችው። በጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ መልሳ ፈታችው።

«መልሰሽልኛል። አልሐምዱሊላህ። አሏህ ይስጥሽ» አለች። «ደግሜ ግን እንዳላይሽ።»

«እሺ።»

«ስምሽን አልጠይቅሽም። ሰው ሲጠይቀኝ ዐረብ ሀገር ሄደች እላለሁ።»

ሰዓዲያ ቀና አለች።

«እንደዚያ ካልኩ» አለች ረቢአ፣ «እዚህ ከተማ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።»

መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ሚኒባሱ መናኸሪያው በር ላይ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ረዳቱ ሻንጣዋን ተቀብሎ ከኋላ ወንበር አስቀመጣት። ስሟን ሳይሆን የት እንደምትሄድ ብቻ ጠየቃት።